የጉዞው ምክንያት

ቂርያት መላኺ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ማታ፤
ልጄ ሊሮን ኮምፒውተሩን በጭኗ ዘርግታ
የቪዛውን ፎርም ትሞላልኛለች፤
እንደ ችሎት ጸሐፊ ታቋርጠኛለች።

«ስም» አለች። ሁለት አለኝ።
አንጓች ብሎኝ ነበር አባቴ፤
ኦስናት አለችኝ አንዲት ጸሐፊ፣ ገና ሳላወርድ ነጠላዬን ከአንገቴ።

«የትውልድ ቀን»።
ጃንዋሪ አንድ ይላል የዚህ አገር ወረቀት፤
እናቴ የምታውቀው ግን፣ ሽንብራ ሲነቀል፣ ከአንበጣው ዓመት በፊት።
ይህን ለመጻፍ ፎርሙ ቦታ የለው፣
ቁጥር እንጂ ሽንብራ አይገባው።

«የቀድሞ ዜግነት»።
ኢትዮጵያዊ ብላ ጻፈች፣ እኔን ሳትጠይቅ።
ብትጠይቀኝ ኖሮ ነገሩ ነበረ ረቂቅ፤
በለሳ ሳለን ፈላሻ ነበር ስማችን፣
አገር የለሽ ማለት፣ በገዛ አገራችን፤
አሁን ደግሞ ፎርሙ ቃሉን ብቻ ለውጦ
«የውጭ ዜጋ» ይለኛል፣ በትልቅ ፊደል አጊጦ።

ከዚያ መጣች ዋናዋ፤ «የጉዞው ምክንያት»።
አንዱን ይምረጡ ይላል፣ ተደርድረው በተራ፤
ጉብኝት፣ ንግድ፣ ስብሰባ፣ የመንግሥት ሥራ።
ለትውልደ ኢትዮጵያ ሌላ መታወቂያ አለ አሉ፣
የአባትን የልደት ወረቀት ይዘው ለቀረቡ ሁሉ።
አባቴን ማን መዘገበው? ወናፉ ነው ምስክሩ፣
እሱም እዚያው ቀርቷል፣ ምስጥ በልቶት ዳር ዳሩ።

አባቴ ባዘዘው ቀጥቃጭ ነበረ።
ባለፈው ጥር፣ ካፕላን ሆስፒታል፣
ኦክስጅኑን ከአፍንጫው ነቅሎ ተናገረ፤
«የዘለቀን ማረሻ ሳልሰጠው መጣሁ።»
ይኸው ነው። ኑዛዜ ነው ብዬ፣ እስክሪብቶ ይዤ ነበር የተቀመጥሁ።

ዘለቀ ሁለት ቁና ጤፍ አስቀድሞ ሰፍሮ
ብረቱን ትቶልን ሄደ፣ ለማክሰኞ ተቀጣጥሮ፤
ሰኞ ሌሊት መኪና መጣ፣ ተነሡ አሉን፣ ተነሣን፤
ማረሻው ፍም ላይ ቀረ፣ ጤፉን ስንቅ አደረግን።

ዘለቀ ማለት፣
ቀን ከአባቴ ጋር እየሣቀ ማረሻ የሚያሠራ፣
ማታ የልጁን ግንባር ጥላሸት የሚቀባ፣
የእኛን ዓይን እየፈራ።
አባቴ ያውቅ ነበር። እኔም፣ በስምንት ዓመቴ፣ አውቅ ነበር።
ቢሆንስ? ጤፉን በልተናል።

ስለዚህ አሽዶድ ሄድሁ፣ ወደ ፋብሪካው ሰፈር፣
ቫኖ የሚባል ጆርጂያዊ ብየዳ ከሚሠራበት በር፤
ቅርጹን በእጄ አሳየሁት፣ ሾል ያለ ጫፉን፣ ጎድጓዳ ወገቡን።
«የጦር መሣሪያ ነው?» አለኝ።
«የመሬት ነው» አልሁት።
ሁለት ኪሎ ከሩብ። በፎጣ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አኖርሁት።

እና አሁን፣ ልጄ፣ የትኛውን ልንካ?
ንግድ እንዳልል፣ ትርፍ የለው፤
ጉብኝት እንዳልል፣ ባለዕዳ ምኑን ነው የሚጎበኘው?
ዕዳ የሚል ፈለግሁ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብሁ፤
ሁሉም መቀበል ነው፣ መመለስ የሚል ቃል አጣሁ።

ዘለቀ ሞቶ ይሆናል። ልጁ ግን ይኖራል፣
ያ ጥላሸት የተቀባው፤ ዛሬ እንደ እኔ ሸብቷል።
ምን እለዋለሁ? ከአውሮፕላን ወርጄ፣ መኪና ተከራይቼ፣
ደጁ ላይ በመነጽር፣ በስኒከር ጫማ ቆሜ?
«እንካ» ነው የምለው። ሌላ የሚባል የለም።
ዓይኔን ቢሸሽ ግን አያለሁ፤
እጁን ሳይሆን ግንባሩን አያለሁ።

«ኢማ፣ ቱሪስት በዪ» አለች ሊሮን እያዛጋች፣
«ሁሉም እሱን ነው የሚለው።» ጣቷን ሰደደች፣ ነካች።
አዲስ ገጽ ተከፈተ፤ «የሚያርፉበት ሆቴል» የሚል።
በለሳ ውስጥ ሆቴል! ሣቅሁ። እሷ አልገባትም።
የሆነ የጎንደር ስም ከስልኳ ገልብጣ ጻፈች።

«ስንት ቀን? ሠላሳ ይበቃል?»
ይበቃል፣ አልኋት።
ማረሻ ለማድረስ አንድ ቀን ይበቃል፤
ስለ ሃያ ዘጠኙ አልጠየቀችኝም፣
እኔም አልነገርኋት።